ከሰልባጅ ቤት የተገዛ ካፖርት

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከባሕር ማዶ የእርዳታ ልብስ መጥቶ ነበር፤ ተቀባዩ የደረሰውን ይለብሳል እንጂ አይመርጥም። እኛም እስከ አምና ድረስ ለችግረኞች ልብስ የምንመርጠው ራሳችን ነበርን። አንዲት እናት ግን «እኔው ብመርጥስ?» ስላሉን መርካቶ ሰልባጅ ቤት ይዘናቸው ሄድን። ቦንዳው ገና መፈታቱ ነው፤ የፈረንጅ የሠርግ ቀሚስ፣ የበረዶ ሱሪ፣ የወታደር ካፖርት አንድ ላይ ተከምሯል። እኛ ቀይ ሹራብ አነሣንላቸው፤ ያምር ነበር። እርሳቸው ካፖርቱን ገልብጠው ስፌቱን ሳብ ሳብ አደረጉ፣ ብብቱን አሸተቱ፣ ቁልፎቹን ቆጠሩ። በዋጋውም ነጋዴውን አላስቀመጡትም። «ሹራቡ ለእኔ ብቻ ነው፤ ይህ ሌሊት ሦስት ልጆች ያለብሳል» አሉን። ሹራቡን መለስን። ከዚያ ወዲህ የልብሱን ገንዘብ ለእናቶቹ ሰጥተን፣ እኛ ዕቃ ለመሸከም ብቻ እንከተላለን።