አዛውንቶቻችን እንዳይወድቁ

ወንድ አቅራቢ፦ ጭሮ የጨርጨር ተራሮች ከተማ ናት፤ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛባታል። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጎልማሳውንም ያንሸራትታል።

ሴት አቅራቢ፦ አዛውንት ግን ቤታቸውም ውስጥ ይወድቃሉ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ የበሩ ደፍ ያደናቅፋቸዋል።

ወንድ አቅራቢ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በመውደቅ አደጋ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገምታል። ይበልጥ የሚጎዱት ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው።

ሴት አቅራቢ፦ እኛ ደግሞ «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን! አንዴ የወደቀ ሰው ዳግም የመውደቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ይህን ለመከላከል ግን መንገድ አለ፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ባለሙያዋ እናትንና ሕፃንን ስትጎበኝ አያትንም ትጠይቅ፤ ዓይናቸው ያያል ወይ? የሚወስዱት መድኃኒት ያዞራቸዋል ወይ?

ወንድ አቅራቢ፦ ቤተሰብስ?

ሴት አቅራቢ፦ ወደ ሽንት ቤት መሄጃው ላይ መደገፊያ እንጨት ይትከል፤ ማታ መብራት ያብራላቸው። ከወደቁም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይውሰዳቸው።