ከአጥር ውጭ ስለሚጣል ጥራጊ

ጥራጊውን ከአጥሩ ውጭ የጣለ ሰው ከቤቱ ያራቀው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ይመለስበታል። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ስለ ሆነች የክረምት ጎርፍ ወደ እርስዋ ይወርዳል፤ ቦዩም በጥራጊና በፌስታል ሲደፈን ውሃው ጉድፉን ይዞ ከየቤቱ ይገባል። ዝንብ የተቅማጥን በሽታ ከጉድፉ ወደ ማዕድ ያደርሳል፤ በተጣለ ጣሳ የታቆረ ውሃም ትንኝ ያፈላል።

ርቆ የተከመረውም ይገድላል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የጥራጊ ክምር ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ የምግብ ትራፊ በጓሮ ጉድጓድ ተከቶ አፈር ይልበስ፤ ለአትክልት ፍግ ይሆናል። ፌስታል ግን አይበሰብስም፥ ጭሱም ይጎዳል፤ ስለዚህ ሳይቃጠል ለብቻው ተጠራቅሞ ለሰብሳቢ ይሰጥ። መምህሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ፥ ሽማግሌውም በደጁ ይጀምሩ፤ ልጅ ከሰማው ይልቅ ያየውን ይከተላልና።