ለእነሱ መርዝ፣ ለእኛ መድኃኒት?

(ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በተካሄደ ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር)



ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት የነፍሳት መግደያዎች ስማቸው ምላስ ያስራል፤ ሥራቸው ግን ቀላል ነው። ዘሩ ገና ሳይዘራ በኬሚካሉ ይለወሳል። ተክሉ ሲያድግ መርዙ ከሥሩ ተነስቶ እስከ አበባው ይዘልቃል። ክሽክሽ ቅጠሉን ሲመጥ ነርቩ ተመትቶ ይሞታል። ታዲያ ንቧም እኮ ከዚያው ተክል አበባ ነው የምትቀስመው! ወዲያው ባትሞት እንኳ መንገዱ ይጠፋትና ወደ ቀፎዋ ሳትመለስ ልትቀር ትችላለች።

ይኼ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ደቡብ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ በቆሎ ሲዘራ ከዘሩ ላይ የተነሳው አቧራ ከ11 ሺህ በላይ የንብ መንጋ ጎዳ። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ኢሚዳክሎፕሪድን፣ ክሎቲያኒዲንንና ቲያሜቶክሳምን ንብ በሚስቡ ሰብሎች ላይ አገደ፤ በ2018 ደግሞ ከግሪንሀውስ ውጪ ጨርሶ ከለከለ። ባየር ኩባንያ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ተሟገተ፤ በ2021 ይግባኙ ውድቅ ሆነ።

"ገበሬውስ?" ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2020 የፈረንሳይ ሹገር ቢት ገበሬዎች ክሽክሽ በሚያስተላልፈው ቫይረስ ክፉኛ ስለተመቱ መንግሥታቸው በልዩ ፈቃድ እንዲጠቀሙ አደረገ። በጥር 2023 ግን የአውሮፓ ፍርድ ቤት በታገደው ኬሚካል ለተለወሰ ዘር እንዲህ ያለ ፈቃድ አይሰጥም ሲል ወሰነ። በ2025ም ፈረንሳይ ውስጥ ታግዶ የነበረውን አሴታሚፕሪድ ሊመልስ የወጣውን ሕግ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈርሞ ተቃወመው፤ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱም ያንን አንቀጽ ሻረው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። አውሮፓ ለራሷ ማሳ የከለከለችው ይኼው ኬሚካል፣ ከእገዳው በኋላም ከዚያው እየተጫነ ለብራዚልና ለሌሎች አገሮች ተሽጧል። ለመሆኑ የአውሮፓ ንብ ከጎጃም ንብ በምን ትበልጣለች? ኢትዮጵያ እኮ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ናት። ኑጋችንም ያለ ንብ ፍሬው ያንሳል።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። አዋጅ ግን ፋይል ውስጥ ተኝቶ ንብ አያድንም! ስለዚህ ባለሥልጣኖቻችንን ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ በሌላ አገር ለንብ ሲባል የታገደ ኬሚካል እዚህ ሲፈቀድ ምክንያቱ በይፋ ይነገር፤ ዕቃው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፤ ሰብል ሲያብብ እንዳይረጭና ንብ አናቢው ጎረቤት ቀድሞ እንዲያውቅ ይደረግ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።