ስለ አሮጌ ሚኒባስ ጥገናና ስለ ማስጠንቀቂያ መብራቶቹ



ዛሬ የምነግራችሁ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ ሕዝብ ስለሚያመላልሰው ሚኒባስ ታክሲ ነው። በየካ ሚካኤል በኩል ወደ መገናኛ የሚመላለሰው ይህ መኪና፣ አብዛኛውን ጊዜ በውጭ አገር ካገለገለ በኋላ የመጣ አሮጌ ቶዮታ ሃይ ኤስ ነው። ለባለ ንብረቱ የልጆቹ እንጀራ፣ ለተሳፋሪውም ነፍሱን በዐደራ የሚሰጠው ዕቃ ስለ ሆነ፣ የአያያዙ ነገር የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው መለዋወጫም አብሮ ተወደደ። እንግዲህ ትንሹ ብልሽት ትልቅ ሳይሆን መድረስ ከቶ የማይታለፍ ግዴታ ነው።

በሾፌሩ ፊት ያሉት መብራቶች የተሠሩት ለዚሁ ነው። ቢጫው «ቶሎ አስመርምረኝ» ሲል፣ ቀዩ «አሁኑኑ ቁም» ይላል። የዘይት ጣሳ ምልክት ያለበት ቀይ መብራት በጉዞ ላይ ቢበራ የዘይቱ ግፊት ወርዷል ማለት ነውና፣ ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል፤ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ቢነዱት ሞተሩ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል። የእጅ ፍሬን ተለቆ ሳለ የፍሬኑ መብራት ካልጠፋ፣ የፍሬን ዘይት ጎድሎ ይሆናል። እንዲህ ባለ መኪና ሰው ጭኖ የእንጦጦን ቁልቁለት መውረድ በነፍስ መቀለድ ነው። በናፍጣ በሚሠሩት በብዙዎቹ ላይም በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራ የታይሚንግ ቺንጋ መብራት አለ፤ ቺንጋው በጉዞ ላይ ቢበጠስ ፒስቶንና ቫልቭ ተጋጭተው፣ የአንድ ቺንጋ ወጪ የሞተር ወጪ ይሆናል።

የሙቀቱን መለኪያ ይልቁንም በእኛ ሰፈር አትርሱ። ውኃ በጅቡቲ ወደብ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በየካ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ውኃው እንዳይፈላ የሚረዳው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ ክዳኑ የላላ እንደ ሆነ ውኃው ይጎድላል፤ ቴስታታውም በሙቀት ይጣመማል። ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይበርድ የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል።

አንዳንድ ሰው መብራቱን ማየት ሰልችቶት አምፖሉን ያስነቅላል። ይህ «ሌባ መጣ» ብሎ የጮኸውን ዘበኛ እንደ ማባረር ነው። የቦሎ ምርመራ በዓመት አንድ ቀን ይጠይቀናል፤ መብራቱ ግን በየቀኑ ይጠይቃል።

ገንዘቡ ለሁሉ ካልበቃ ቅደም ተከተል ይኑር፤ አስቀድሞ ፍሬን፣ መሪና ጎማ፤ ቀጥሎ ዘይት፣ ውኃና ቺንጋ፤ ቀለምና የወንበር ልብስ ከሁሉ በኋላ። ከየዕለቱ ገቢ ጥቂት ለጥገና ይቀመጥ። ከባድ ሥራ ሲታዘዝ በሁለተኛ ጋራዥ ዋጋ ይጠየቅ፤ የተፈታው አሮጌ ዕቃም ለባለ ንብረቱ ይመለስ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለቤት ብቻ አይደለምና፣ ነገ ጧት ቁልፉን ስታዞሩ መብራቶቹ በርተው መጥፋታቸውን ተመልክታችሁ ተነሡ።