የቁራኛው ሁለተኛ ጫፍ፤ አነስተኛ ነጋዴና ያልተሰበሰበ ገንዘቡ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ንግግሬን ከአንድ የቆየ የአገራችን የፍርድ ልማድ እጀምራለሁ። በቀድሞው ዘመን ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በልብሱ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ይቆራኝ ነበር። ነገሩ እስኪዳኝ ወይም ገንዘቡ እስኪከፈል ድረስ ሁለቱ አብረው ይውላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ልማዱ ቁራኛ ይባል ነበር፤ ዛሬም አንድን ሰው ወይም ነገር «በዓይነ ቁራኛ» እንጠብቃለን ስንል ቃሉ ያንኑ ዘመን ያስታውሰናል። ስለዚህ ልማድ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የምናዝነው ለባለዕዳው ነው። ነገር ግን ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ነበረው። ባለገንዘቡም ታስሯል። ገንዘቡን ሊያስመልስ ሲል እርሻውን፣ ገበያውንና ቤቱን ትቶ ከባለዕዳው ኋላ ይከተላል።

ዛሬ ልናገር የፈለግሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጫፍ ነው። ሰንሰለቱ ከተነሣ ብዙ ዘመን ቢሆነውም አነስተኛው ነጋዴ፣ የእንጨት ሥራ ባለሙያው፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ምግብ አቅራቢዋ እስከ ዛሬ በደንበኛቸው ቁራኛ ናቸው። ጠዋት ስልክ ይደውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ክፍል ደጅ ይጠናሉ፤ «ነገ ና» ተብለው ይመለሳሉ። የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ዕዳን የመሰብሰብ ሥራ የሚጀመረው ክፍያው የዘገየ ዕለት ሳይሆን ሥራውን የተቀበልን ዕለት ነው። አበው «ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቅታል» ያሉት ለዚህ ጉዳይ በልክ የተሰፋ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ወደ መምህርነት ከመመለሴ በፊት አነስተኛ ማተሚያ ቤት ነበረኝ። በአንድ የግንቦት ወር ለአንድ መሥሪያ ቤት ብዛት ያላቸው ቅጾች እንዳትም ታዘዝኩ። ያዘዘኝ ኃላፊ አብሮ አደጌ ነበር። ቅጾቹን በጊዜው አድርሼ መጋዘን አስገባሁ። የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ማለትም ሞዴል 19፣ ሊቆረጥልኝ ሲገባ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ መስክ ወጥቷል ተባልኩ። «በእኔ ይሁንብህ፣ ሰኞ ይቆረጥልሃል» አለኝ ወዳጄ። አፍሬ ዝም አልኩ። ሰኔ 30 በጀቱ ተዘጋ። በሐምሌ ወዳጄ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። በእርሱ ቦታ የተተካው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ሰነድ ጠየቀኝ፣ ሰነድ አልነበረኝም። ነገሩ በዚህ አበቃ። ወረቀት መቁረጫ ማሽኔን ሸጬ ለወረቀት አቅራቢው ከፈልኩ፤ ሁለት ሠራተኞችም አሰናበትኩ። ከሁለቱ አንደኛዋ ሒሳቧን ስትቀበል «ጋሼ፣ እኛ እኮ ሠርተን አስረክበናል» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ልክ ነበረች። እርሷ ሥራዋን ጨርሳለች። ያልጨረስኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። አንድ ማተሚያ ቤት 400,000 ብር ዋጋ ያለው ሥራ ተቀበለ እንበል። ለወረቀትና ለቀለም 240,000፣ ለደመወዝና ለኪራይ 100,000 ብር ያወጣል። ትርፉ 60,000 ብር ነው። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል፤ ስለዚህ ደንበኛው የሚከፍለው 460,000 ብር ይሆናል። ነጋዴው ወረቀትና ቀለም ሲገዛ 36,000 ብር ታክስ ከፍሏል። ደረሰኙን ከቆረጠ በኋላ ደግሞ የቀረውን 24,000 ብር ለገቢዎች ያስገባል፤ ታክሱ የሚታሰበው በሽያጩ እንጂ ገንዘቡ በመሰብሰቡ አይደለምና። እንግዲህ ደንበኛው አንድ ብር ሳይከፍል ነጋዴው 400,000 ብር ከኪሱ አውጥቷል። በዚያ ላይ በሒሳብ መዝገቡ አትራፊ ነው። የአነስተኛ ድርጅቶችን አወዳደቅ የምታጠኑ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉልኝ፤ ድርጅት የሚዘጋው በኪሳራ ብቻ አይደለም፤ እያተረፈም ይዘጋል። ያ ገንዘብ ጨርሶ ቢቀር ደግሞ የወጣውን 400,000 ለመመለስ ተመሳሳይ ትርፍ ያላቸው ወደ ሰባት የሚጠጉ ሥራዎችን መሥራት ያስፈልጋል።

ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል ከባድ ከሆነ ነጋዴው ስለ ምን በጊዜው አይጠይቅም? መልሱ ይሉኝታ ነው። በእኛ ዘንድ ዱቤ ከንግድ ውል ይልቅ የመተማመን ምልክት ሆኖ ይታያል። ማስፈረም አለማመን ይመስላል፤ ማስታወስ ስድብ ይመስላል። ይሉኝታን ግን እንደ ጉድለት ብቻ ማየት ስሕተት ነው። ፍርድ ቤት በማይደረስበት ቦታ ንግድን ያቆመው ይኸው መተማመን ነው፤ የመንደሩ ባለሱቅ በትንሽ ደብተር መዝግቦ ለጎረቤቱ ስኳርና ዘይት የሚሰጠው በዚሁ ኃይል ነው። ችግሩ የሚመጣው የመንደሩን ሥርዓት ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ኩባንያ ስናሻግር ነው። በመንደር ባለዕዳው ከነቤተሰቡ ይታወቃል፤ በሰንበቴውም በዕድሩም ይገኛል። መሥሪያ ቤት ግን ፊት የለውም። ቃል የገባላችሁ ሰው ሲዛወር ይሉኝታውም አብሮት ይዛወራል። የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለባለገንዘብ ጥቂት የማይባሉ መሣሪያዎች ሰጥቷል። አራቱን ብቻ ላንሣ።

አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው። በቁጥር 1772 መሠረት ባለገንዘብ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመጠየቁ በፊት በመርሕ ደረጃ ለባለዕዳው ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ብዙ ነጋዴዎች ለወራት ሲደውሉ ከርመው አንዲት ደብዳቤ አልጻፉም። ስልኩ ይረሳል፤ ወይም ይካዳል። ቀን የተጻፈበት፣ የገንዘቡን ልክ የሚገልጽ፣ ደርሶኛል ተብሎ የተፈረመበት ደብዳቤ ግን ምስክር ነው። ከዚያም በላይ ቁጥር 1775 ተዋዋዮቹ የመክፈያው ቀን ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ባለዕዳው እንደ ዘገየ ይቆጠራል ብለው እንዲስማሙ ይፈቅዳል። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በውላችሁ ውስጥ ትግባ።

ሁለተኛው ይርጋ ነው። ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በመርሕ ደረጃ በ10 ዓመት ይታገዳል። ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ ግን በቁጥር 1851 መሠረት ይርጋው ይቋረጣል። «ያለብኝን 460,000 ብር በሦስት ጊዜ እከፍላለሁ» የምትል የተፈረመች ወረቀት ዕዳውንም ታረጋግጣለች፤ ዘመኑንም ታድሳለች።

ሦስተኛው የክሱ መንገድ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 284 ጀምሮ ልኩ ለታወቀ ዕዳ፣ ለምሳሌ በቼክ ወይም በጽሑፍ ውል ለተረጋገጠ ገንዘብ፣ አጭር ሥነ ሥርዓት አበጅቷል። በዚህ መንገድ ተከሳሹ በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ አቅርቦ ካላስፈቀደ በቀር መከላከያ ማቅረብ አይችልም። መንገዱ የተከፈተው ግን ሰነድ ይዞ ለሚመጣ ሰው ነው።

አራተኛው ዕርቅ ነው። በሽምግልና የተቋጨ ጉዳይ በጽሑፍ ከሰፈረና ከተፈረመ በቁጥር 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። ሽማግሌዎቻችን ብዙ ጊዜ አስታርቀው፣ መርቀው ይበተናሉ። ከምርቃቱ በፊት ብዕር ይውጣ።

ስለ ቼክም አንድ ቃል ልጨምር። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያስቀጣል። በዚህም የተነሣ ነጋዴዎች ወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ እንደ መያዣ ይቀበላሉ። ሰውን ማሳሰር ግን ገንዘብን መሰብሰብ አይደለም። እስር ቤት የገባ ደንበኛ ሠርቶ አይከፍልም፤ ይህም ሌላ ቁራኛ ነው።

ሕጉን እንዲህ ካመሰገንኩ በኋላ አንድ ነቀፋ ሳላቀርብ ባልፍ ግዴታዬን አልተወጣሁም። በቁጥር 1751 እና 1803 መሠረት ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በዘገየ ገንዘብ ላይ የሚታሰበው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ይህ መጠን የተወሰነው ከስድሳ ዓመት በፊት ነው። በቅርብ ዓመታት የዋጋ ንረታችን ከ20 በመቶ በላይ የሆነባቸው ጊዜያት እንደ ነበሩ ሁላችሁም በገበያ አይታችኋል። አንድ ደንበኛ 460,000 ብር ዕዳውን ለአንድ ዓመት ቢያዘገይ በሕጉ የሚጨምረው 41,400 ብር ነው። ይህንኑ ገንዘብ ከባንክ ለምሳሌ በ16 በመቶ ቢበደር 73,600 ብር ወለድ ይከፍል ነበር። እንግዲህ አለመክፈል ከመበደር በ32,200 ብር ይረክሳል። ትልቁ ደንበኛ የትንሹን ነጋዴ ገንዘብ ያለ መያዣና ያለ ጥያቄ እንደ ርካሽ ብድር ይጠቀምበታል። ሕጉ ቅን ባለዕዳን ሊጠብቅ ያሰበው ልክ ዛሬ የሚያዘገየውን እየሸለመ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለነጋዴዎች የምመክረው አጭር ነው። ሥራ ስትቀበሉ የጽሑፍ ትእዛዝ፣ የመክፈያ ቀንና የመዘግየት ወለድ ይኑር፤ ለወረቀቱ የሚበቃ ቅድሚያ ክፍያም ጠይቁ። ስታስረክቡ ሳታስፈርሙ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነም ሞዴል 19 ሳይቆረጥላችሁ አትመለሱ። የመክፈያው ቀን ሳይደርስ በትሕትና አስታውሱ፤ ባለፈ በሳምንቱ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ቁጣ አያስፈልገውም፤ ቀንና ቁጥር ይበቃዋል። ከሁሉም በላይ ያልከፈለን ደንበኛ ሁለተኛ ሥራ በዱቤ አትቀበሉ። «እንዳይቀየመኝ» ብለን የምንጨምርለት ሥራ የፊተኛውን ዕዳ መያዣ ያደርገዋል፤ የምንታሰረውም ያን ጊዜ ነው።

ለተመራማሪዎች ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ተሰብሳቢ ሒሳብን ለብድር መያዣ አድርጎ ማቅረብ እንዲቻል መንገድ ከፍቷል። ይህ መብት ለአነስተኛው ነጋዴ በተግባር ምን ያህል ደረሰው? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለአቅራቢዎች በምን ያህል ቀን ይከፍላሉ? በሰኔ የሚታዘዝና በሰኔ የሚረከብ ሥራ ስንቱ በጀት ተዘግቶበት ይቀራል? የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ርቃችሁ አትሂዱ፤ ከዚህ ግቢ አጥር ውጭ ያለውን የመጀመሪያውን ማተሚያ ቤት በር አንኳኩ።

(ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ከነመልሱ የሚከተለው ነው።)

ጥያቄ፦ መምህር፣ ደንበኛው በእርግጥ ገንዘብ ያጣ ሰው ቢሆንስ? በሕግ ማስጨነቅ ጭካኔ አይሆንም?

መልስ፦ ይሆናል፤ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ያጣና የከለከለ አንድ አይደሉም። ለመለየት ግን መጠየቅ ግድ ነው። ያጣው ሰው ቁጭ ብሎ ያወራሻል፤ በየወሩ የሚችለውን ይጽፍልሻል። የሚከለክለው ስልክ አያነሣም፤ ወይም ሁልጊዜ «ሰኞ» ይላል። ለያጣው ጊዜ ስጪው፤ የሰጠሽውን ጊዜ ግን በጽሑፍ ስጪው። ምሕረትም ቢሆን ቀን ሲቆረጥለት ለሁለቱም ወገን ዕረፍት ነው። እኔ ያኔ ወዳጄን ሞዴል 19 ብጠይቀው ምናልባት ለአንድ ቀን ይቀየመኝ ነበር። ባለመጠየቄ ግን ገንዘቡም ወዳጅነቱም ቀሩ፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ እስከ ዛሬ ሁለታችንም ዓይናችንን እንሰብራለን።