የማንም መብት ሳይጣስ የመጣ ረሃብ

(በደሴ፥ ሆጤ፥ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደተጠበቀው አልናረም። እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን እንደ ነበር ተዘግቧል። የተራበው ሕዝብ ግን በአውራ ጎዳናው ዳር ተኮልኩሎ አላፊ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር።

ፕሮፌሰር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት «ድህነትና ረሃብ» ይህን ነገር መርምረዋል። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልቀነሰም፤ የወሎ ገበሬ ማሳው ሲደርቅበት ግን የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። አፋሩ ከብቱ አለቀበት፤ የተረፈውም በእህል ሲመነዘር ዋጋው ወደቀ፤ ከአዋሽ ዳር የግጦሽ መሬቱም ብዙው ቀደም ሲል ለሰፋፊ እርሻ ተወስዶበት ነበር። ገንዘብ የሌለው ሰው ረሃብ በገበያ አይሰማም።

የሐርቫርዱ ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ ዝነኛ መጽሐፋቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1974፥ ዘውዳዊው መንግሥት በወደቀበት ዓመት ነው። በእርሳቸው አስተሳሰብ ንብረት በአግባብ ተገኝቶ በፈቃድ ከተላለፈ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ፍትሐዊ ነው፤ ከሥራ ገቢ የሚወሰድ ግብርም ከግዳጅ ሥራ አይለይም። እህል ገዝቶ አዲስ አበባ የሸጠው ነጋዴ ማንንም አልሰረቀም፤ ማንንም አላስገደደም። እንግዲያውስ የማንም መብት ሳይጣስ ሕዝብ በብዙ ሺህ ሊያልቅ ይችላል። የሴን ክርክር የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ኖዚክ ታላቅ እልቂት ሲመጣ መብት ይጣስ አይጣስ የሚለውን ጥያቄ በግርጌ ማስታወሻ ጠቅሰው አልፈውታል፤ ለወሎ ግን የግርጌ ጥያቄ አልነበረም።

የጭሰኛው መሬት ቀድሞውንም በፍትሕ የተያዘ አልነበረም የሚል ተከራካሪ ይነሣል። እውነት ነው፤ ለጥንት በደል ማረሚያ ሊኖር እንደሚገባ ኖዚክም ያምናሉ፥ ዝርዝሩን ግን አልሠሩትም። የተራበው ጭሰኛ የርስት ምርመራው እስኪያልቅ አይቆይም።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ግን አይገባም። ፍሬድሪክ ሃየክ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1944 ለሁሉም የዕለት ጉርስ፥ ልብስና መጠለያ ቢረጋገጥ ነፃነት አይነካም ብለው ጽፈዋል። ገበያን ማፈንም አላዳነም፤ ደርግ በየካቲት 1967 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ በኋላ የእህል ንግድን በኬላና በኮታ አጠረ፤ ድርቅና ጦርነት ሲጨመሩበት በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ወደዚያው ወደ ወሎ ተመለሰ። የገበያ ጠበብት ስለዚህኛው የሚሉት ይደመጥ። በ1965 ዓ.ም. ግን እንዲህ ያለ ኮታ አልነበረም፤ መንገዱም ክፍት ነበር፤ እህሉ የተጫነው ወደ አዲስ አበባ ነው።