ጎማውን በጋራ፣ ሒሳቡን በግልጽ

የግራና የባጃጅ ሹፌሮችና ባለንብረቶች! የግማሽ ቀን ገቢያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አላስረዝምም።

እስካሁን መለዋወጫ የምንገዛው በየግላችን ነው። ጎማ ሲያልቅ መርሳ እንሄዳለን፣ እዚያ ከጠፋ ወልድያ። ዕቃው ከአስመጪው ተነስቶ እኛ ጋ እስኪደርስ አከፋፋዩም ቸርቻሪውም የየድርሻቸውን ይጨምሩበታል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪ ተመን በገበያ ይወሰናል ተብሎ የብር አቅም ሲወርድ ደግሞ ከህንድ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተሰቀለ። 20 ሰው ሦስት ሦስት ጎማ ቢያዝ 60 ጎማ ነው። 60 ጎማ የሚገዛ ሰው በቀጥታ አከፋፋዩን ማነጋገር ይችላል፤ የመኪና ጭነቱም ለ60 ይካፈላል።

ምን እንግዛ በሚለው ላይ ወጣቶቹ አትቀየሙኝ። "በጋራ እንግዛ" ሲባል ቶሎ የሚነሳው የሚጮህ ማርሚታና ሞተር የሚያፈጥን ዕቃ ነው። ማርሚታ መብሳት ጆሮ ያደነቁራል እንጂ ዳገት አያስወጣም። ሲሊንደር አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ማስገባትም የተበላ ሞተር ማዳኛ ነው፤ ደህናውን ሞተር ለፍጥነት ብሎ መክፈት ኪሳራ ነው። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር ነው የያዝነው፤ በዚህ ቆላ ሙቀት ሰው ጭኖ ሲውል ያለዚያም ይግላል። ደግሞስ የባጃጁ ፍጥነት ቢጨምር ፍሬኑ ያው የድሮው አይደለም? ስለዚህ መጀመሪያ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት፣ ከዚያ ካንዴላና ካቦ።

ጎማ ስትረከቡ ጎኑን አንብቡ። የባጃጃችን ልክ 4.00-8 ነው። እዚያው ጎኑ ላይ ባለአራት አኃዝ ቁጥር ፈልጉ፤ 2224 ቢል በፈረንጆቹ 2024 በ22ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው፣ በእኛ ግንቦት 2016። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር አንብቦ "ገና ነው" ብሎ የሚስቅ ነጋዴ ካጋጠማችሁ አብራችሁት ሳቁና ሌላ ጎማ አስወጡ። ከዓመታት በፊት ተመርቶ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጎማ፣ ጥርሱ ሳይነካ ጎኑ ይሰነጠቃል።

ድር ቢያብር የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን፤ የእኔ ጭንቀት ብሩን ማን ይያዘው የሚለው ነው። ዕቁባችን ዳኛና ጸሐፊ፣ ቅሬያችን ገንዘብ ያዥ አለው፤ የጋራ ግዥውም ያለ ኃላፊ አይሆንም። ገንዘቡ በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ይሰብሰብ፤ ዋጋው ቶሎ ስለሚለወጥ እስከ መቼ እንደሚጸና ይጻፍበት። ለግዥ ሁለት ሰው ይሂድ፣ አንዱ መካኒክ ይሁን። አበላቸውን እዚሁ ስብሰባ ላይ ወስነን እንክፈላቸው፤ አበል የነፈግነው ገዢ ከሻጩ ኮሚሽን ቢቀበል አይግረመን።

ለግዥ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ "ያለ ደረሰኝ ልቀንስላችሁ" የሚል አይጠፋም። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የቀረ ይመስላችኋል፤ ዕቃው ሲበላሽ ግን መመለሻ የላችሁም፣ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘም ፖሊስ የሚጠይቀው እናንተን ነው። ያለ ደረሰኝ አንገዛም።

"ሲመጣ እከፍላለሁ" የሚል ሰውም አይመዘገብም። እሱ ቢቀር የከፈሉት ሰዎች ብር ባለቤት በሌለው ጎማ ላይ ይታሰራል።

አሁን ሊብሬያችሁን ይዛችሁ ጸሐፊው ጋ ቅረቡ። የሞዴሉን ዓመትና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ላይ ይገልብጥ፤ በቃል አትንገሩት፤ የአንዱ ሞዴል ዕቃ ለሌላው ላይገጥም ይችላል።